ስሙ የጠፋ ፎቶግራፍ የማን ነው?

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የልማት ሥራዎች ምክክር ላይ የቀረበ ንግግር)



ከልማት ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው በእንዲህ ዓይነት ጉባኤ ፊት ሲቆም ምን እንደሚናገር አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝ ጣቢያ፣ ስለ እህል መጋዘን ይናገራል፤ ከዚያም የበጀት ጥያቄ ይቀርብለታል። የዛሬው ርእሳችን ፎቶግራፍ መሆኑን በመርሐ ግብሩ ላይ ያነበቡ አንዳንድ አባቶች «ልማት ከመቼ ወዲህ ነው ፎቶ ቤት የገባው?» ብለው በሻይ ሰዓት ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የፎቶግራፍ መሣሪያ የያዙ የምህንድስና ክፍል ወታደሮች አብረውት ተጉዘዋል። ተራራውን፣ ሸለቆውንና የጦር ሰፈሩን ያነሡት ለዘመቻው ጉዳይ ነበር። ከ140 ዓመታት ያህል በኋላ በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው እነዚያን ፎቶግራፎች ይዘው በሰሜን የአገራችን ክፍል ተዘዋወሩ። የጥንቱ ፎቶግራፍ አንሺ የቆመበትን ስፍራ እየፈለጉ ያንኑ መልክዓ ምድር ደግመው አነሡት። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የተገኘው ውጤት ብዙዎቻችን «ድሮ አገሩ ሁሉ ደን ነበር» እያልን ከምንተርከው የተለየ ሆነ። በፎቶግራፎቹ ላይ በሚታዩት ስፍራዎች በ1860 ዓ.ም. የነበረው የዛፍ ሽፋን በድጋሚ ከተነሡበት ጊዜ ያነሰ ነበር፤ በኋለኞቹ ላይ እርከኑና የአፈር ጥበቃው ሥራ ፍሬ ማፍራቱ በዓይን ይታያል። ገበሬው በእርከን ላይ ያፈሰሰው ድካም ከንቱ እንዳልቀረ የመሰከረው ለጦርነት ተብሎ የተነሣ ሥዕል ነው። የትኛውም የልማት ዕቅድ «ከዚህ በፊት ምን ነበር?» ከሚለው ጥያቄ የሚነሣ እንደ መሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አጸድ ከሃምሳ ዓመት በፊት እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር፣ ምንጩ የት እንደ ነበር፣ መንገዱ በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለእኛ የሥራ ሰነድ ነው።

ይህ ለጥያቄው በቂ መልስ ነው ብለን እናምናለን። ሆኖም ዛሬ የመጣንበት ዋናው ጉዳይ ከዛፍና ከምንጭ ያለፈ ነው።

የአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው ከቤተ መንግሥትና ከውጭ አገር ተጓዦች ጋር ተያይዞ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ሙያ ይዘው ቀጥለዋል። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ተመራማሪዎች ቡድን ሐውልቶቹን፣ አብያተ ክርስቲያናቱንና ከተማውን በፎቶግራፍ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1913 በርሊን ላይ በአራት ቅጽ አሳትሟል። የአክሱም ሰው የከተማውን የዚያን ዘመን መልክ ማየት ሲፈልግ ዛሬም ወደዚያ መጽሐፍ መሄድ አለበት። ልዑል ዓለማየሁን በእንግሊዝ አገር ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አንሥታዋለች፤ የልዑሉን ስም የማያውቅ የለም። በመቅደላው ዘመቻ ፎቶግራፎች ዳር ቆመው ከሚታዩት የአገራችን ሰዎች ግን ብዙዎቹ ስም የላቸውም። መልካቸው በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ ቆየ፤ ስማቸውን የሚያውቁት ዘመዶቻቸው በየመንደራቸው ሞቱ። መልክና ስም በዚህ ሁኔታ ከተለያዩ በኋላ የሚያገናኛቸው መሣሪያ አልተፈጠረም።

ይህንን ያነሣነው በአሁኑ ሰዓት በየከተሞቻችን ያው ነገር በዓይናችን ፊት እየተደገመ ስለሆነ ነው።

በእያንዳንዳችን ቤት ያለውን እናስብ። ከግድግዳው ላይ አንድ ክፈፍ ተሰቅሏል፤ በአንድ መስታወት ሥር አምስት ስድስት ትንንሽ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል፤ መካከል ላይ የሠርጉ፣ ዳር ዳሩን ጉርድ ፎቶግራፎች። አልጋ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ከቤቱ ካርታና ከዕድር ደብተር ጋር በፌስታል የተጠቀለሉ ሌሎች አሉ። በፎቶ ቤት ቀለም የተቀባ ሐይቅና አበባ ከኋላቸው ተዘርግቶ፣ እጃቸውን በወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፈው የተነሡ ወጣቶች ናቸው። ጀርባቸው ሲገለበጥ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ለማይረሳው ወንድሜ ለማስታወሻ» የሚል ይነበባል። ወንድምየው ማን እንደ ሆነ ግን አልተጻፈም፤ ሰጪና ተቀባይ በሚተዋወቁበት ጊዜ ስም መጻፍ ትርፍ ነገር ነበርና። ሰው ሲሞት ያ ፎቶግራፍ ከግድግዳው ወርዶ ወደ ልቅሶው ድንኳን ይወጣል፤ እናት ወይም እኅት ከፍ አድርጋ ይዛው ታለቅሳለች። ከልቅሶው በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜም አይመለስም።

እነዚህ ፎቶግራፎች በብዙ መንገድ ይጠፋሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሽብር ዘመን ስንቱ ቤተሰብ አልበሙን በሌሊት እንዳቃጠለ፣ ስንቱ የልጁን ፊት ከቡድን ፎቶግራፍ ላይ በመቀስ ቆርጦ እንዳወጣ የዚያ ዘመን ሰዎች ይነግሩናል። ዛሬ ደግሞ ከተሞቻችን በፍጥነት እየተለወጡ ነው። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ሰፈሮች ሲነሡ አይተናል፤ በሌሎችም ከተሞች መንገድ ሲሰፋና ቤት ሲፈርስ ቤተሰብ ዕቃውን በጋሪና በጭነት መኪና አድርጎ ወደ አዲስ መንደር ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አልጋና ድስት ይቀድማሉ። ፎቶ ቤቶቹም አንድ በአንድ ተዘግተዋል፤ የኔጋቲቭ ካርቶኖቻቸው ለቆሻሻ መጣያ ሲዳረጉ ማንም አልከለከለም። ባለ ቀለም ፎቶግራፎችማ ማንም ሳይነካቸው፣ በራሳቸው ጊዜ እየደበዘዙ ወደ ቀይነት ያደላሉ። «አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ አለ» የሚሉ ወጣቶች ካሉ ደግሞ ስልክ ስንት ጊዜ እንደ ጠፋባቸው ራሳቸውን ይጠይቁ።

ወረቀቱን ከእነዚህ ሁሉ ብናድነው እንኳ በወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየሳምንቱ ጸሎተ ፍትሐት የምናደርስላቸው ናቸው። ለወረቀቱ ምናልባት ሃያ ዓመት ይኖረን ይሆናል። ለስሙ ግን ያን ያህል ጊዜ የለንም።

ከእኛ በፊት ይህን ሥራ የሞከሩ አሉ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ድጋፍ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፎቶግራፍ ቀርጾ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የኮሌጅቪል ገዳም ቤተ መጻሕፍት አኖረ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከእነዚያ ፊልሞች ካታሎግ ጋር ነው። ከዚያ ሥራ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ መጽሐፉ ከገዳሙ ሳይወጣ ቅጂው ወጣ፤ ቅጂውም በአንድ ቦታ ብቻ አልተቀመጠም። በካሜሩን ምቡዳ በተባለች ከተማ ደግሞ የአንድ ነባር ፎቶ ቤት በሺህ የሚቆጠሩ ኔጋቲቮች በብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም አማካይነት ወደ ዲጂታል ተለውጠዋል። በራሳችን አገር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ጥቂት ወጣቶች ከነዋሪዎች የቤት አልበም ፎቶግራፎችን በስካነር እየቀዱ፣ ባለቤቶቹ የሚነግሯቸውን ታሪክ እየጻፉ ሰብስበዋል፤ በመጽሐፍም አሳትመዋል። ያ ሥራ ብዙ ሰው ያስደሰተው በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ሰዎች እንደኛው ተራ ሰዎች በመሆናቸው ይመስለናል። ኳስ ተጫዋች፣ ሙሽራ፣ ነርስ፣ ተማሪ።

ወደ ራሳችን ሥራ እንምጣ። በጎ ፈቃደኞቻችን የሠሩባት ከተማ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በተዘረጋው በአሮጌው የምድር ባቡር መስመር ላይ ካሉት አንዷ ናት። ስሟን የማንጠራው ቤተሰቦቹ ለጽሕፈት ቤታችን የሰጡት ፈቃድ በከተማዋ ውስጥ ለማሳየት ብቻ ስለሆነ ነው፤ የምንነግራችሁም ፎቶግራፎቹን ሳይሆን አሠራሩን ነው። የቡድኑ አባላት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ አንድ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ፣ የደብሩ ጸሐፊ፣ አምስት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ኋላ ላይ የተቀላቀሉ ሁለት የሙስሊም ማኅበረሰብ ተወላጆች ናቸው። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ያሉት ዕቃዎች አንድ ጠፍጣፋ ስካነር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ እርሳስና ደብተር ናቸው።

የመጀመሪያው ሕጋቸው ፎቶግራፉ ከቤቱ አይወጣም የሚል ነው። ይህን ያጸኑት የከተማውን ሰው ስለሚያውቁት ነው። በየአጥቢያው «ለማሳተም ነው፣ ለማደስ ነው» ተብሎ የተወሰደና ያልተመለሰ ቅርስ ታሪክ አለ፤ ሰው ይፈራል፤ ቢፈራም አይፈረድበትም። ስለዚህ ስካነሩ ወደ ሰው ቤት ይሄዳል እንጂ ፎቶግራፉ ወደ ጽሕፈት ቤት አይሄድም። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ይነጠፋል፤ እጅ ይታጠባል፤ ቡናው ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ይቀርባል። ይህችን የመጨረሻዋን ለማስከበር አንዳንድ ጊዜ ከባለቤቲቱ ጋር ረጅም ድርድር ያስፈልጋል።

ፎቶግራፉ ፊቱም ጀርባውም ይቀዳል። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀን፣ የማስታወሻ ጽሑፍ ይገኛልና። በአንድ ኢንች በ600 ነጥብ ጥራት ይቀዳና ዋናው ቅጂ በቲፍ ይቀመጣል፤ ለማሳያና ለመላኪያ የሚሆነው አነስተኛው በጄፔግ ይዘጋጃል። ጉርድ ፎቶግራፍ ትንሽ ስለሆነ ጥራቱ ከዚያ በላይ ከፍ ይላል። ዋናው ቅጂ አይነካም፤ ጭረት የሚጠፋው፣ ብርሃን የሚስተካከለው በሁለተኛው ላይ ነው። ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶግራፍ ፈጽሞ አይላቀቅም፤ እንዳለ በመስታወቱ ላይ ይቀዳል። ማጣበቂያ ባለው የፕላስቲክ አልበም ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው፤ በጥፍር ለመፈልቀቅ የሞከረ ሰው ሁልጊዜ አንድ ጆሮ ወይም አንድ ትከሻ ያጣል። በጀርባው ላይ መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ዘልቆ ፊት ላይ ይወጣል። ስካነር የሌለው አጥቢያ በስልክም ሊጀምር ይችላል። በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጎ በመያዝ የተነሣ ቅጂ ፍጹም ባይሆንም ከምንም ይሻላል። ስካነር እስኪገዛ ሁለት ዓመት ከመጠበቅ ዛሬ በስልክ መጀመሩን እንመርጣለን።

ስለ ማስቀመጫው ብዙ አንናገርም። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በከተማው ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉ ሦስት ሃርድ ዲስኮች በአንድ ሌባ የሚሄዱ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍተው ይፈተሹ።

አሁን ብዙ ሰዓት ወደሚወስደው ሥራ እንመጣለን። ስካነሩ አንድ ፎቶግራፍ ለመቅዳት የሚፈጅበት ጊዜ ደቂቃ አይሞላም። የሰዎቹን ስም ማወቅ ግን ሙሉ ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ወር ይወስዳል። ወጣቶቹ መጀመሪያ ላይ ሽማግሌውን «ይህ ማነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ መምህሩ ግን «ይህ ሰው የት ይኖር ነበር?» ብሎ መጠየቅ እንደሚሻል አስተማሯቸው። ስም ያመለጠው ሰው ቤቱን አይረሳም። «ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ ግንዱ ካለበት» ይላል፤ ከዚያ የሚስቱን ዘፈን ያስታውሳል፤ ከዚያ የልጁን ስም፤ በመጨረሻ የሰውየው ስም ራሱ ይመጣል። የቀድሞው የባቡር ሠራተኛ በበኩላቸው የእያንዳንዱን ባቡር ቁጥር እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንቡታል፤ በአጠገቡ የቆሙትን ባልደረቦቻቸውን ስም ግን የሚነግሩን ከጓዳ ሆነው የሚያዳምጡት ባለቤታቸው ናቸው። የሁለቱንም ድምፅ በስልክ መቅረጽ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ሰባት ሴቶች ከደብሩ ቅጽር በር ፊት ተደርድረው ቆመዋል። ጀርባው ላይ አንዳች ጽሑፍ የለም። ሁለት እናቶች ተጠየቁ፤ አንደኛዋ «የሻለቃው ባለቤት፣ የጸሐፊው ባለቤት፣ የግሪኩ ሱቅ ጠባቂ ባለቤት» እያሉ ቆጠሩ። ወጣቶቹ እንደ ሰሙት ሊጽፉ ሲሉ የደብሩ ጸሐፊ አስቆሟቸው፤ «ሻለቃው በሌላ ፎቶግራፍ ላይ አሉ፤ እዚህ የቆሙት እሳቸው ናቸው» አሉ። ስማቸውን ለማግኘት የሰንበቴው ደብተር ተገለጠ፤ በተራ የደገሱት ሴቶች ስም ከነስመ ክርስትናቸው ተጽፎ ነበር። ስድስቱ ታወቁ። በሰባተኛዋ ላይ ሁለቱ እናቶች እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ በመዝገቡ ላይም ሁለቱም ስም ከነተናጋሪዎቹ ሰፍሯል። የበጎ ፈቃደኞቹ ሁለተኛ ሕግ ይኸው ነው። እርግጠኛ ያልሆኑበትን «ተብሏል» ብለው፣ ማን እንዳለውና በስንት ቀን እንዳለው ይጽፋሉ፤ «ባለቤት»፣ «እናት»፣ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል የሰው ስም ፈልገው ሳይደክሙ ብቻውን አይጻፍም።

እዚህ ላይ ካህናት አባቶቻችንን እናሳስባለን። የክርስትና መዝገብ፣ የጋብቻ መዝገብ፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ደብተር፣ የዕድር ዝርዝር ያለው በእናንተ እጅ ነው። በከተማው ማዘጋጃ ቤት የማይገኝ ስም በእነዚህ ውስጥ አለ። ፎቶግራፍ ያለው ቤተሰብና ስም ያለው መዝገብ በአንድ አጥቢያ ውስጥ እያሉ የማይገናኙበት ምክንያት የለም።

ዘመኑን ለማወቅም ብልሃት አለ። የባቡር ጣቢያው ሰሌዳ በአማርኛና በፈረንሳይኛ መጻፉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሣር ወይም ቆርቆሮ መሆኑ፣ የወታደሩ መለዮ፣ የሴቶቹ የጸጉር አሠራር ሁሉ ይመሰክራሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። አንዳንድ ፎቶ ቤቶች ማኅተማቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር ያትሙ ነበር፤ ባለቤቱ በጀርባው ላይ የጻፈው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል የተቀመጠ ቁጥር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ያመጣል፤ ያን ያህል ዓመት ደግሞ በእኛ አገር ታሪክ ውስጥ አንድ መንግሥት ሊለወጥበት ይችላል።

በቡድኑ ውስጥ ብርቱ ክርክር ያስነሣው የማን ፎቶግራፍ ይገባል የሚለው ነበር። ከሰበካ ጉባኤው አባላት አንዱ «በደብሩ ስም የሚሠራ ሥራ የደብሩን ልጆች ብቻ ይመለከታል፤ የሌላውን ሌላው ይሥራው» የሚል አሳብ አቀረቡ። ቅን አሳብ ነበር፤ የጉልበትና የጊዜ እጥረትም ነበረ። ጉዳዩ ሳይወሰን ሳለ ግን ወጣቶቹ በከተማዋ ረጅም ዘመን ፎቶ ቤት የነበራቸውን አንድ ሙስሊም አዛውንት ሊጠይቁ ሄዱ። አዛውንቱ ከመሳቢያ ያወጡላቸው ኔጋቲቭ በየዓመቱ ከሱቃቸው ጣሪያ ላይ ሆነው ያነሡት የጥምቀት በዓል ነበር። ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ፣ ዲያቆናቱ፣ ጥላው፣ ከፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች። በደብሩ ውስጥ የዚያ ዘመን ጥምቀት አንድም ፎቶግራፍ አልነበረም። አዛውንቱ የምንጣፍ አንጣፊዎቹን ልጆች ስም ሳይቀር ያውቁ ነበር፤ የትምህርት ቤት ጉርዳቸውን ያነሡላቸው እርሳቸው ናቸው። «ገንዘብ የከፈለኝ ሰው አልነበረም፤ ቀኑ ያምራል ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ አሳቡን ያቀረቡት አባት ራሳቸው የአዛውንቱን ስም በበጎ ፈቃደኞቹ ዝርዝር ላይ አስጻፉ። የከተማ ታሪክ በሃይማኖት አጥር ሊከፈል ቢሞከር የራሳችን በዓል ከአጥሩ ማዶ እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አናውቅም።

ሌላው የሚያስጨንቀው የሐዘን ፎቶግራፍ ነው። በሽብሩ ዘመን የወጣ ልጃቸውን ፎቶግራፍ ለሰው አሳይተው የማያውቁ አንዲት እናት፣ ከብዙ ጉብኝት በኋላ «ቅዱልኝ፤ ግን አታሳዩት» አሉ። ተቀዳ፤ ስሙ ተጻፈ፤ ፋይሉ «ዝግ» በሚል ክፍል ተቀመጠ። ከቤተሰቡ በቀር ማንም አይከፍተውም። ሕጉም ይህንኑ ይላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሦስት ምርጫ ይቀርባል፤ ለሁሉ ይታይ፣ በከተማችን ውስጥ ብቻ ይታይ፣ ዝግ ይሁን። የመረጡትን ይፈርማሉ፤ ሐሳባቸውንም በፈለጉ ጊዜ ይለውጣሉ። ማንበብ ለማይችሉ ቅጹ ይነበብላቸዋል፤ የሚያነብላቸውም ከቡድኑ አባላት ሳይሆን ከቤተ ዘመድ ይሁን።

በዚሁ አንጻር ስለ ንዋያተ ቅድሳት አጥብቀን የምንናገረው አለ። መስቀሎችን፣ ጽናጽሎችን፣ የብራና መጻሕፍትንና ጥንታዊ ሥዕሎችን ከነመገኛቸው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለሌባ ካርታ ነው። በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ቢገኝም በግልጽ አይለጠፍ፤ በስልክም አይላክ። እንዲህ ያለው በ«ዝግ» ክፍል ሆኖ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚደረገው ምዝገባ ማስረጃ ይሁን። ቅርሱ የጠፋ ዕለት መጀመሪያ የምንጠየቀው «መልኩ እንዴት ነበር?» የሚለውን ነውና።

እንግዲህ ከእናንተ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም፤ ይህን ስንል ከዚህ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ተብሎ እንደሚያውቅ አልዘነጋንም። ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ ከዕድሩ ጸሐፊ ጋር ተቀምጣችሁ በከተማችሁ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈውን ሰዎች ስም ጻፉ። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ ከሌላ አገር መጥቶ የቀረውንም ጻፉ። ከእነርሱ መካከል ዓይናቸው ከሚያዩት ጀምሩ፤ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ታሪክ ሊነግረን ይችላል፤ በፎቶግራፍ ላይ ያለን ፊት ግን ሊለይልን አይችልም። ለአንድ ቤት ከሁለት ሰው በላይ አትላኩ። ከሁለቱ አንዱ የቤቱ ሰው የሚያውቀው ይሁን።

ክረምት ለዚህ ሥራ አይመችም፤ እርጥበቱ ለፎቶግራፍም ለመንገድም ክፉ ነው። ከመስቀል በዓል እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ በጥምቀት ከሩቅ የሚመጡ ልጆችም የራሳቸውን አልበም ይዘው እንዲመጡ መንገር ይቻላል። ጽሕፈት ቤታችን ያለው ስካነር አንድ ነው፤ በየአጥቢያው ሦስት ሦስት ሳምንት እየቆየ በተራ ይዞራል፤ አጠቃቀሙን የሚያሳይ አንድ ወጣትም አብሮት ይመጣል። የፈቃድ ቅጹ ናሙናና የመዝገቡ ዓምዶች ተባዝተው በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። የተራው ዝርዝርም እዚያው አለ፤ አጥቢያችሁንና የሚያስተባብረውን ሰው ስም ጻፉልን።